ቀኑን ሙሉ ስቄ ማታ የምጮኸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦

"ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው፤ ደንበኞች ቅሬታቸውን የሚያሰሙት ለእኔ ነው። እነሱ ይጮሁብኛል፣ እኔ በለሰለሰ ድምፅ 'ይቅርታ፣ አሁኑኑ እናስተካክላለን' እላለሁ። መሥሪያ ቤት ትዕግሥተኛ የምባለው እኔ ነኝ። ቤት ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ልጆቼ አንድ ነገር ሁለቴ ከጠየቁኝ ቱግ ነው። ባለቤቴ 'ምን ሆነሻል?' ሲለኝ መልስ የለኝም። በእውነት ምንም አልሆንኩም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን ይዤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እቆያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን የእኔ የምላት ያቺን ሰዓት ብቻ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በየማታው እየደወለች ስለ ትዳሯ ታወራኛለች። እወዳታለሁ፤ ስልኳ ሲጠራ ግን ሆዴ ቁርጥ ይላል። እሁድን ተኝቼ እውላለሁ፣ ሰኞ ያው ነኝ። ሰው ሁሉ 'ራስሽን ተንከባከቢ' ይለኛል። በየትኛው ጊዜዬ? ደግሞስ ምኔን ነው የምንከባከበው? ሰነፍ ሆኜ ነው፣ ክፉ ሆኜ ነው ወይስ ታምሜ?"

ደክሞኛል ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሰነፍ አይደለሽም። ሰነፍ ሰው የሌላውን ቁጣ ሲቀበል አይውልም። ክፉም አይደለሽም፤ ክፉ ሰው በልጆቹ ላይ ስለጮኸ ተጨንቆ ደብዳቤ አይጽፍም። ታመሽ እንደሆነ ግን ከደብዳቤ ላይ ማወቅ አይቻልም። እሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ፤ እንዳትዘይው።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። "በእውነት ምንም አልሆንኩም" ብለሻል። ሆነሻል እንጂ! ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ሰው ጮኸብሽ? ስንቱ ሰደበሽ? ስንቴ መልስ አፍሽ ላይ ደርሶ ዋጥ አደረግሽው? ይህን ሁሉ "ምንም" የምትይው ማንም ስላላየው ነው። ወገብሽን አሞሽ ቢሆን ኖሮ አንቺም ባለቤትሽም ምክንያቱን ባወቃችሁ ነበር።

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራቸው የአውሮፕላን አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን አጥንተው ነበር። አንዷ ፈገግ እንድትል ይከፈላታል፤ ሌላው ኮስተር እንዲል። ሁለቱም ለደመወዝ ብለው ስሜታቸውን ሲያስተካክሉ ይውላሉ። ምሁሯ ይህንን "የስሜት ሥራ" ብለው ጠሩት። ያንቺ ውል ላይ የተጻፈው ስልክ ማንሳት ይሆናል። ከስልኩ ጋር የሚሠራው ሁለተኛው ሥራ ግን ውሉ ላይ የለም፣ ማንም አይቆጥረውም፣ አንቺ ራስሽም አልቆጠርሽውም።

ስሜትን መደበቅ ምን ያስከፍላል? ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሙከራ አሳትመዋል። ለሰዎች የሚያስጸይፍ አጭር ፊልም አሳዩ። ከፊሎቹን "ዝም ብላችሁ ተመልከቱ" አሏቸው። ሌሎቹን ደግሞ "የሚሰማችሁን ነገር ማንም ከፊታችሁ እንዳያነብ አድርጉ" አሏቸው። የደበቁት ሰዎች ፊት በእርግጥም ፀጥ አለ። የተሰማቸው መጸየፍ ግን አልቀነሰም። ሰውነታቸው ላይ ከተለኩት የውጥረት ምልክቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ካልደበቁት ሰዎች በለጡ። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ስሜቱን ሲደብቅ የቆየ ሰው በዚያ ሰዓት የሰማውንም በደንብ አያስታውስም። ሐሳቡ ፊቱን በመጠበቅ ተይዟላ። "ጥርስ ባዳ ነው" የምንለው ይህንኑ ነው፤ ጥርስ ሲስቅ የተቀረው ሰውነት አብሮ አይስቅም።

ስለዚህ የማምንበትን በግልጽ ልንገርሽ። ያደከመሽ ስሜትሽ ሳይሆን እሱን ስትደብቂ መዋልሽ ነው። ይህ ልዩነት መፍትሔውን ይለውጠዋል። ስሜቱ ቢሆን ኖሮ ያደከመሽ፣ መድኃኒቱ ይበልጥ መደንዘዝ በሆነ ነበር። ማታ ማታ ስልክ ይዘሽ የምትሞክሪውም እሱን ይመስለኛል።

ቤት ስትገቢ ለምን ቱግ እንደምትይም ከዚህ ይመጣል። ሕፃን ልጅ ሰው ቤት ጨዋ ሆኖ ውሎ እናቱን ሲያይ ማልቀስ ይጀምራል። እናቱ አልመታችውም፤ ማልቀስ የሚችለው እሷ ዘንድ ስለሆነ ነው። አንቺም ቀኑን ሙሉ የያዝሽው ነገር የሚለቀቀው የማያባርሩሽ ሰዎች ጋ ስትደርሺ ነው። ይህ ለልጆችሽ ፍትሐዊ አይደለም፤ አንቺም አውቀሽዋል። ግን ስለማትወጃቸው እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁኚ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። "የስሜት ጉልበት" ስንል በመሣሪያ የሚለካ ነገር የለም። ደም ተመርምሮ "ይህን ያህል ቀርቶሻል" አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ "ራስን መቆጣጠር ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ክምችት ነው" የሚል ሐሳብ በጣም ተወዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ሲፈትሹት ግን የተባለውን ያህል ውጤት አላገኙም። ስለዚህ "ዛሬ አልቄያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምንም ማድረግ አልችልም" የሚለውን ስሜት ሙሉ በሙሉ አትመኚው። የሚለካው ሌላ ነው፦ የልብ ምት፣ የጡንቻ መወጠር፣ እንደ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች፣ እንቅልፍ። እነዚህን በቀጥታ ማዘዝ ባይቻልም በጎን መንካት ይቻላል። ራስን መንከባከብ ከተባለ ለእኔ ይህ ነው። ሻማና ሽታው ያማረ ሳሙና የሚሸጡልሽ ሰዎች ሌላ ነገር ቢሉሽ አይግረምሽ። ሳሙናው ክፋት የለውም፤ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። "ደክሞኛል" የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይሸፍናል። ጄምስ ራስል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ስሜቶችን ሁሉ በሁለት ጥያቄ ደልድለው ነበር። አንደኛው፦ ደስ ይላል ወይስ አይልም? ሁለተኛው፦ ሰውነትሽ ነቅቷል ወይስ ተኝቷል? ደስ የማይለውን ወገን ብቻ እንውሰድ። ከሥራ ስትወጪ መንጋጋሽ ተጣብቋል፣ ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ ደርሷል፣ ትንሽ ድምፅ ያስደነግጥሻል፣ ሐሳብሽ ይሮጣል። ይህ ተወጥሮ መድከም ነው። እሁድ ከሰዓት ደግሞ አልጋ ላይ ነሽ፤ ምንም አያስቸኩልሽም፣ ምንም አያስደስትሽም፣ ለመነሳት እንኳ ምክንያት ታጫለሽ። ይህ ፈዝዞ መድከም ነው።

ሁለቱም "ደክሞኛል" ይባላሉ፤ የሚፈልጉት ግን ተቃራኒ ነው። የተወጠረ ሰው መርገብ አለበት። የፈዘዘ ሰው መንቀሳቀስ አለበት። አንቺ የምታደርጊው ግልባጩን ነው። ማታ ተወጥረሽ ስልክ ላይ የሰው ጠብ፣ የሰው ሠርግና የሰው ወሬ ታያለሽ፤ ይህ የነቃውን ሰውነት ይበልጥ ያነቃዋል። እሁድ ፈዝዘሽ ትተኛለሽ፤ ይህ የፈዘዘውን ይበልጥ ያፈዘዋል። ከዚያ "አርፌ አርፌ አልዳንኩም" ትያለሽ። ዕረፍትሽ አንሶ ብቻ አይደለም፣ ከድካሙ ጋርም አልተገጣጠመም።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት አንድ ትንሽ ማስታወሻ እንድትይዢ የምፈልገው። ለሁለት ሳምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፦ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት፣ ከሥራ ስትወጪ፣ ልትተኚ ስትይ። "ተወጥሬያለሁ" ወይም "ፈዝዣለሁ" ወይም "ደህና ነኝ" ብለሽ ጻፊ። ከጎኑ ስሜቱን በስሙ ጥሪው። ተናድጃለሁ፣ ከፍቶኛል፣ ሰልችቶኛል፣ አፍሬያለሁ፣ ሆድ ብሶኛል። ከዚያ ቀደም ብሎ ምን እንደነበር በአንድ መስመር ጨምሪበት። ትንታኔ አትጻፊ፤ ቆንጆ ደብተርም አትግዢ።

ስም መስጠቱ ብቻውን ሥራ ይሠራል። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ የስሜቱን ስም ሲመርጡ፣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። አሚግዳላ አደጋን ነቅቶ በመጠበቅ በኩል ትልቅ ድርሻ አለው። ተናድደሽ "ተናድጃለሁ" ማለት ንዴቱን አያጠፋውም። ንዴቱ እጅሽን ይዞ ከመውሰዱ በፊት ግን ትንሽ ጊዜ ይሰጥሻል። ባለቤትሽ "ምን ሆነሻል?" ሲልሽም የምትመልሽው ነገር ታገኛለሽ።

ሥራ ቦታ ምን ይደረግ? በሁለት ስልክ መካከል ያለችውን ደቂቃ ስጪኝ። አየር ስታስገቢ እስከ አራት፣ ስታስወጪ እስከ ስድስት ቁጠሪ። ይህን ስድስት ጊዜ ስታደርጊ አንድ ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። አየር በምናስወጣበት ጊዜ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል፤ ማስወጫውን ማስረዘም ያንን መጠቀም ነው። መንጋጋሽን ፍቺ፣ ትከሻሽን ጣይ። ማንም አያይሽም። አንድ ደቂቃ ሕይወት አይለውጥም፤ ጥቅሙ የአንዱ ደንበኛ ንዴት በሚቀጥለው ላይ እንዳይደረብ ነው። ማታ ከምታደርጊው አንድ ሰዓት ይልቅ ቀን የተበታተኑት ደቂቃዎች የሚሻሉት ውጥረቱ ሳይከመር ስለሚያገኙት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከንዴቱ ቀድሞ ይመጣል። መደበቅ ብዙ ያስከፍላል ብያለሁ። ሥራሽ ደግሞ እንድትጮኺ አይፈቅድልሽም። ታዲያ ምን ቀረ? ነገሩን የምታይበትን ማዕዘን መቀየር። ይህም ከላይ የጠቀስኳቸው ግሮስ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ነው። ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት "ይህ ሰው የተናደደው በድርጅቱ ነው፤ እኔን አያውቀኝም፣ የሚሰማው ድምፄን ብቻ ነው" በይ። ወይም "ምናልባት ከእኔ በፊት ሦስት ቦታ ተመላልሶ ይሆናል" በይ። እንዲህ የታየ ነገር መጀመሪያውኑ ያን ያህል ስለማያናድድ የሚደበቀውም ያንሳል። ግን ራስሽን አታታልዪ። አንድ ሰው ከሰደበሽ ስድብ ነው። "ምንም አይደለም" ብለሽ እለፊ አላልኩም፤ እሱ መልሶ መደበቅ ይሆናል። ለተሳደበ ደንበኛ ስልክ ለመዝጋት ወይም ለኃላፊ ለማስተላለፍ የሚፈቅድ ደንብ ካለ ተጠቀሚበት። ከሌለ እንዲኖር ጠይቁ፤ ብቻሽን ሳይሆን ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ለደከመ ሠራተኛ "ተንፍሺ፣ ራስሽን ውደጂ" ብሎ ምክር መስጠት ለቀጣሪ ርካሽ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ መዛልን ሲገልጸው፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ነው ይላል። በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። ሦስት መልክ አለው፦ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም መማረር፣ የሠሩት ሁሉ ውጤት የሌለው መምሰል። ሦስቱንም በራስሽ ላይ ካየሽ ጉዳዩ ያንቺ የአተነፋፈስ ዘዴ ብቻ አይደለም። ዕረፍት፣ የፈረቃ ለውጥ፣ ወይም በቀን የሚነሳው ስልክ ብዛት የኃላፊሽም ጉዳይ ነው። ሥራ ቀይሪ አልልሽም፤ ኪስሽን አላውቅም።

ከሥራ ወደ ቤት ስትሄጂ መሃል ላይ ድንበር ያስፈልግሻል። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ዛቢነ ሶነንታግ ሰው ከሥራ በኋላ እንዴት እንደሚያገግም ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ደጋግሞ የሚወጣው ነገር ሰውነት ከሥራ ቦታ መውጣቱ ብቻውን አይበቃም፣ ሐሳብም መውጣት አለበት የሚለው ነው። አሥር ደቂቃ በእግርሽ ሂጂ፤ የምትሄጂበት ርቀት ከሌለ በር ላይ ከመድረስሽ በፊት አንድ ዙር ዞረሽ ግቢ። ተወጥረሽ ነው የምትወጪው ብለናል፤ የተወጠረ ጡንቻ ደግሞ ከመቀመጥ ይልቅ በመንቀሳቀስ ቶሎ ይፈታል። በዚያ መንገድ ላይ ለማንም አትደውዪ። ቤት ስትገቢ ልብስ ቀይሪ፣ ፊትሽን ታጠቢ።

ልጆቹን ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። "ዛሬ ደክሞኛል። በእናንተ አይደለም። ትንሽ ልረፍና እመጣለሁ።" ልጆች ያልተነገራቸውን ነገር የራሳቸው ጥፋት አድርገው ይወስዱታል። ቱግ ያልሽ ቀን ደግሞ ተመልሰሽ "የጮኽኩት ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ" በያቸው። አጭር ይሁን። ረጅም ይቅርታ ልጁን አጽናኝሽ ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ የእሱ ሥራ አይደለም።

እንቅልፍ ላይ ቆየት ልበል፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አምስት ሰዓት ነው። ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ትበደሪያለሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ሌሊቱን ያልተኙ ሰዎችን ከተኙት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የሚረብሹ ሥዕሎች ሲያዩ ያልተኙት አሚግዳላ ከተኙት 60 በመቶ በላይ ጎልቶ መልስ ሰጠ። አሚግዳላን የሚያረጋጋው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ተገኘ። ያንቺ ጉድለት ያን ያህል የከፋ አይደለም፤ አንቺ ትንሽም ቢሆን ትተኛለሽ። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ልጅሽ ሁለቴ ሲጠይቅሽ የምትፈነጂው በከፊል ትናንት ሌሊት ምክንያት ነው።

"ያቺን ሰዓት ተይ" ብልሽ ግን እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ልክም ነሽ። ከቀንሽ ውስጥ ማንም የማይጠይቅሽ ሰዓት ከሌለ ከሌሊቱ ትሰርቂያለሽ፤ ማንም ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ ሰዓቷን አታጥፊያት፣ ቦታዋን ቀይሪላት። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። በሳምንት ጥቂት ቀን ልጆቹ ሳይተኙ ግማሽ ሰዓት ያንቺ ትሁን፤ በር ተዘግቶ፣ እሱ ከልጆቹ ጋር ሆኖ። እሱም በተራው የራሱን ይውሰድ። "እርዳኝ" ብቻ አትበይው፤ እንዲህ ያለው ልመና ሰው የቱን እንደሚያነሳ አያሳውቅም። "ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ተኩል እኔ የለሁም" በይው። ያ ከተገኘ በኋላ የመኝታ ሰዓትሽን በሩብ ሰዓት ቀደም አድርጊው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ሩብ ሰዓት። በአንድ ሌሊት ከ7 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ልዝለል ካልሽ አልጋ ላይ ጣሪያ ስትቆጥሪ ታድሪያለሽ። ስልኩ ከእጅ በሚርቅበት ቦታ ይደር።

ካፌይንም አለ። ቀን ላይ ሲያንገላጅጅሽ ብትጠጪ አይፈረድብሽም። ካፌይን ድካምን አያነሳም፤ አዴኖሲን የሚባለው የድካም መልእክተኛ አንጎል ላይ እንዳይሰማ ያደርጋል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ከምሳ በኋላ ባትጠጪ ይሻልሻል።

እሁድን በተመለከተ ጨካኝ ልምሰልሽ። ቀኑን ሙሉ መተኛት የሰውነትሽን ሰዓት ያዛባዋል፣ እሁድ ማታ እንቅልፍ ይከለክልሻል፣ ሰኞን ከጅምሩ ያበላሸዋል። ከወትሮው አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተሽ ተነሺ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን ውጪ። ካስፈለገሽ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ተኚ። ፈዝዘሽ ስትውዪ ደግሞ ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቂ። ለድባቴ ከሚሰጡት የምክር ሕክምናዎች አንዱ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይደረጋል፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይከተላል። ትንሽ ማለቴ በእውነት ትንሽ ነው፦ መስኮት መክፈት፣ ገላ መታጠብ፣ አንድ ሰው ሰላም ማለት። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ነው፤ ከሥራ በኋላ ያልኩሽ የእግር መንገድ ከዚያ ላይ ይቆጠርልሻል። ምግብ አትዝለይ፤ የራበው ሰው የተናደደ ይመስለዋል።

ጓደኛሽ። ይህ ከሁሉም የሚከብድሽ ይመስለኛል። ቀን የማያውቁሽን ሰዎች ቅሬታ ትሰሚያለሽ፣ ማታ የምትወጃትን ሰው። አድራጎቱ አንድ ነው። የሰው ስሜት ወደ ሰው ይጋባል፤ ያዘነ ሰው ስናዳምጥ ሳናውቀው ፊታችንና ድምፃችን ይከተለዋል። ሌላም አለ። ተመራማሪዋ አማንዳ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2002 በልጆችና በወጣቶች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ጓደኛሞች አንዱን ችግር ደጋግመው ሲያብላሉ ጓደኝነቱ እንደሚጠብቅ፣ ጭንቀቱና ድብርቱም አብሮ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ያንን አንድ ወሬ መቶ ጊዜ በመስማትሽ እሷንም ላትረጃት ትችያለሽ ማለት ነው። አትሽሺያት። ስልኳን እያየሽ አለማንሳት በሁለታችሁም ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል። "የእኔ እህት፣ ልሰማሽ እፈልጋለሁ፤ ማታ ማታ ግን ጭንቅላቴ ያልቃል። ቅዳሜ ረጋ ብለን እናውራ" በያት። ስታወሩም ከግማሽ ሰዓት በኋላ "እሺ፣ ምን ልታደርጊ አሰብሽ?" ብለሽ ጠይቂያት። ቅር ትሰኝ ይሆናል። ቅሬታዋን ቻይው፤ የሷን ቅሬታ ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ማታ አትክፈዪ።

ይህን ሁሉ ሰኞ እንዳትጀምሪው። ሁሉንም አንድ ላይ ከያዝሽ ሌላ የሥራ ዝርዝር ይሆንብሻል፣ ሳምንት ሳይሞላ ትተዪዋለሽ፣ ከዚያ "ራሴን መንከባከብ እንኳ አልቻልኩም" ብለሽ ትከፊያለሽ። ማስታወሻውንና የመኝታ ሰዓቱን ብቻ ያዢ። ለጊዜው ሌላውን ተይው። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ማስታወሻሽን ብታነቢ ቀጣዩን ራስሽ ታገኚዋለሽ፤ የከፋሽ ቀኖች ሁሉ ጓደኛሽ ከደወለችበት ማግስት ከሆኑ፣ ወይም ምሳ ካልበላሽበት ቀን ከሆኑ፣ እዚያው ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ "ታምሜ ነው ወይ?"። ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሁለት ሳምንቱ እስኪሞላ መጠበቅ የለብሽም። ደም ማነስ፣ በተለይ ወር አበባ በምታይ ሴት ላይ፣ ልክ አንቺ እንደገለጽሽው ያደክማል፣ ያነጫንጫል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም እንዲሁ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። እርግዝና ካለ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ ስትተኚ በጣም የምታንኮራፊ ከሆነ ንገሪው። በእነዚህ ላይ የትኛውም የአተነፋፈስ ልምምድ አይሠራም።

ሌላው ድባቴ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ በሚባል ደረጃ ሐዘን ወይም ባዶነት ከተሰማሽ፣ ትወጃቸው የነበሩ ነገሮች ምንም ካልመሰሉሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽና እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ ራስሽን ዋጋ ቢስ አድርገሽ ከቆጠርሽ፣ ይህ በዕረፍት ብቻ የሚያልፍ ድካም አይደለም። ሕክምና አለው። "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያንኑ ቀን ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ አብሮሽ ሆኖ ወደ ሕክምና ይውሰድሽ።

ሐኪሙ "ምን ያምሻል?" ሲልሽ እንደ ልማድሽ "ምንም፣ ትንሽ ድካም ነው" ብለሽ እንዳታልፊው። እዚያ ክፍል ውስጥ የምታረጋጊው ደንበኛ የለም። እስከዚያ የጻፍሽውን ማስታወሻ ይዘሽ ሂጂ፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኚና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ጻፊበት። መናገር ካቃተሽ ወረቀቱን ስጪው።